ካርፕ በንፍሮ፤ ለኦሮራና ለዴንቨር አጥማጆች

በጁን ማለዳ ቼሪ ክሪክ ማጠራቀሚያ ሐይቅ ዳር የቆመ አጥማጅ ዐይኑ ብዙውን ጊዜ ሩቅ ነው። መንጠቆውን ክንዱ እስከቻለለት ድረስ ወደ መሐል ይወረውርና ዎልአይ ወይም ትራውት እስኪመጣ ይጠብቃል። ከእግሩ ሦስት አራት ሜትር ርቆ፣ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ ደግሞ ክንድ የሚያህል ወርቅማ ዓሣ አፉን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ፣ ጭራውን ሽቅብ አድርጎ ቁርሱን ይበላል። ካርፕ ነው። ውድ ዕቃ ለሌለው፣ ጀልባ ለሌለው፣ ከሥራ በፊት ሁለት ሰዓት ብቻ ላለው የኦሮራ ነዋሪ ትልቅ ዓሣ የመያዝ ዕድል የሚሰጠው ይኸው ችላ የተባለው ዓሣ ነው።

አሜሪካውያን ካርፕን መናቅ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የጋበዙት ግን ራሳቸው ናቸው። የአገሪቱ የዓሣ ኮሚሽን በ1877 ከጀርመን 345 ካርፖች አስመጥቶ ባልቲሞር በሚገኝ መናፈሻ ኩሬዎች ውስጥ አረባ። ሕዝብ ይመግባል ተብሎ ዘሩ ለየግዛቱ ታደለ። ውሎ አድሮ ውኃ የሚያደፈርስ፣ የሌላውን ዓሣ ቦታ የሚሻማ ተብሎ ተጠላ። ክሱ ሐሰት አይደለም። ዴንቨር ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ትራውት አንሊሚትድ የተባለው ማኅበር፣ ስሙ እንደሚያሳየው የትራውት ወዳጆች ስብስብ፣ የዴንቨር ቅርንጫፉ ከ2007 ጀምሮ «ካርፕ ስላም» የሚባል ውድድር በሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ያካሂዳል። ተወዳዳሪዎቹ መሐል ከተማ ውስጥ፣ ከድልድይና ከብስክሌት መንገድ ሥር፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ካርፕ ያድናሉ። ገቢው ወንዙን ለማደስ ይውላል።

ኢትዮጵያዊውም ቢሆን ከዚህ ዓሣ ጋር ሩቅ አይደለም። ካርፕ ዛሬ ዝዋይ ሐይቅና ቆቃ ግድብ ውስጥ ይገኛል፤ የጣናው ነጭ ዓሣም የዚሁ ሰፊ ቤተሰብ አባል ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ካርፕ ከሚወዳቸው ማባበያዎች ዋነኞቹ በቆሎና ሽምብራ መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም ከሐበሻ ጓዳ አይጠፉም። ያም ሆኖ ንፍሮውን ከመጣድ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ። ካርፕ የሌለበት ቦታ ላይ የተጣለ ምርጥ ማባበያ፣ ካርፕ አፍንጫ ሥር ከወደቀ ተራ በቆሎ አይበልጥም።

መጀመሪያ ዓሣውን ይወቁ

ካርፕ ጨጓራ የለውም። የበላው ከጉሮሮው በቀጥታ ወደ አንጀቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንዴ ጠግቦ የሚተኛ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚለቅም ዓሣ ነው። ከንፈሩ ላይ ጥርስ አያገኙም። ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ተቀብሮ፣ ቀንድ አውጣና ጠንካራ ፍሬ እዚያ ይፈጫል። በቆሎና ሽምብራ የማያስቸግሩት ለዚህ ነው።

አፉ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጢም አለው። በጢሙና በከንፈሩ ይቀምሳል፤ ሽታም ከሩቅ ይለያል። ቤንዚን ቀድቶ፣ ሲጋራ አጭሶ ወይም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀብቶ በዚያው እጅ ማባበያ መንካት ዓሣውን «ራቅ» ብሎ መምከር ነው። ውኃው ዳር ሲደርሱ እጅዎን በጭቃ አሸት አድርገው ይታጠቡ።

የመስማት ችሎታውም እንዲሁ ነው። ከአየር ከረጢቱ እስከ ውስጠኛው ጆሮው የተያያዙ ጥቃቅን አጥንቶች ድምፅን ያጎሉለታል። ጠጠር ላይ የሚረግጥ ጫማ፣ የሚወድቅ ማቀዝቀዣ ሣጥን፣ በሩ በኃይል የሚዘጋ መኪና፣ ይህ ሁሉ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ላለ ካርፕ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጆች ይዘው ከሄዱ መሯሯጫቸውን ከዳርቻው ራቅ ያድርጉላቸው።

ሲበላ ደግሞ አይነክስም፤ ይመጥጣል። አፉን እንደ ቱቦ ወደ ፊት ዘርግቶ ጭቃውንም ምግቡንም አንድ ላይ ይስባል፣ ያጣራል፣ የማይፈልገውን ይተፋል። በዚህ ቅጽበት መንጠቆውንም አብሮ ሊተፋው ይችላል። ኋላ የምናየው የመንጠቆ አሠራር በሙሉ የተፈለሰፈው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ያስታውሳልም። የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ቤውከማ በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ጊዜ በመንጠቆ የተያዙ ካርፖች ሌላ ጊዜ ለመያዝ በጣም እንደሚያስቸግሩ አሳይቷል። ሰው በሚበዛበት የከተማ ኩሬ ውስጥ ሁሉም የሚጥለው የቆርቆሮ በቆሎ አንዳንዴ የማይሠራበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ወረቀቱን ይጨርሱ

ኮሎራዶ ውስጥ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ ማጥመድ አይችልም፤ ዓሣውን መልሶ ቢለቀውም እንኳ። ዓመታዊው ፈቃድ ከማርች 1 ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ያገለግላል። ከ18 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሰዎች «ሀቢታት ስታምፕ» የሚባለውንም ይከፍላሉ። የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ስድስት ወር በግዛቱ መኖር ያስፈልጋል፤ በቅርብ የመጣ ዘመድ ይህን ካላወቀ የእንግዳውን ውድ ዋጋ ሲከፍል ይደነግጣል። በሁለት ዘንግ ማጥመድ የሚሻ ለሁለተኛው ተጨማሪ ስታምፕ ይገዛል። መሞከር ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ በጁን የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ያለ ፈቃድ ይጠመዳል።

ቼሪ ክሪክ የግዛት ፓርክ ስለሆነ መኪና መግቢያ ይከፍላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከ2023 ጀምሮ መኪና ሲመዘገብ «ኪፕ ኮሎራዶ ዋይልድ» የሚባል የፓርክ ፓስ፣ ሲጀመር በ29 ዶላር፣ አልፈልግም ካላሉ በስተቀር አብሮ ይታሰባል። የምዝገባ ወረቀትዎን አውጥተው ይመልከቱ፤ ምናልባት ከፍለውበት ሳያውቁት ተቀምጧል። ፓሱ ግን የግዛት ፓርኮችን እንጂ ከተማው የሚያስተዳድረውን ኦሮራ ማጠራቀሚያ ሐይቅ አይመለከትም።

ኩዊንሲ ማጠራቀሚያ ሐይቅ ለብቻው ይታያል። እዚያ የሚፈቀደው ሰው ሠራሽ ማባበያ ብቻ ነው፤ በቆሎም ሊጥም ትልም አይገባም። በሁሉም ቦታ መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳያነቡ ዘንግ አይዘርጉ።

ቦታና ሰዓት

ዘንግዎን መኪና ውስጥ ትተው ዳርቻውን ይዙሩ። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚያስከፍለውም እርሱ ነው። ፖላራይዝድ መነጽር ያድርጉ፤ የውኃውን ገጽ ብልጭታ ስለሚያጠፋ ወለሉ ድረስ ያሳያል። የሚፈልጉት ምልክት አራት ዓይነት ነው፦ ከወለል ተከታትሎ የሚወጣ የአረፋ ሰንሰለት፣ በጠራ ውኃ መሐል እንደ ጭስ የሚነሣ የጭቃ ደመና፣ ከውኃው በላይ ብቅ የሚል የጭራ ጫፍ፣ በዝግታ እየቀዘፈ የሚያልፍ ጥላ። ብድግ ብሎ ዘሎ ጧ የሚለው ካርፕ ግን ያታልላል፤ መኖሩን ይናገራል እንጂ መብላቱን አይናገርም።

ወቅቱን የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው። ከ50 ፋራናይት፣ ማለትም ከ10 ሴልሺየስ በታች፣ ካርፕ ፈዞ በጥቂቱ ይበላል። ከ60 እስከ 75 ፋራናይት ሲሆን ሥራው ሁሉ መብላት ነው። በአፕሪል ፀሐይ ቶሎ የምታሞቀውን፣ ጥልቀት የሌለውንና ነፋስ የማያገኘውን ጥግ ይፈልጉ፤ ከጧቱ ይልቅ ከቀትር በኋላ ይሻላል። ሜይ መጨረሻና ጁን አካባቢ ካርፖች ሣር ውስጥ ተሰብስበው ሲንቦጫረቁ ካዩ እንቁላል እየጣሉ ነው። ያኔ ምግብ አያምራቸውም፤ ይተዋቸውና ሌላ ዳርቻ ይሞክሩ።

በጁላይና በኦገስት ሰዓቱ ይገለበጣል። ንጋት ላይና ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ዳር ይመጣሉ፤ ቀትር ላይ ወደ ጥላና ወደ ጥልቁ ይሸሻሉ። ነፋስ ሲነፍስ ብዙ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ መወርወር ይወዳል፤ ይቀላልና። ሞገዱ የሚመታው ዳርቻ ግን የሞቀው ውኃና የተነቀለው ምግብ የሚከማችበት ስለሆነ ፊትን ለነፋስ መስጠት ይሻላል። የዴንቨር ሰማይ በበጋ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይጠቁራል። ነጎድጓድ ከሰሙ «አንድ ዓሣ ልጨምር» አይበሉ፤ የግራፋይት ዘንግ መብረቅ የሚስብ ምሰሶ ነው።

ቦታዎቹን በተመለከተ፣ ቼሪ ክሪክ ግድቡ በ1950 የተጠናቀቀ፣ 880 ኤከር ያህል የሚሰፋ ውኃ ነው፤ በ1959 የግዛት ፓርክ ሆኗል። ጥልቀቱ መጠነኛ፣ ውኃው ድፍርስ ያለ ስለሆነ ለንፍሮና ለሊጥ ይመቻል። ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ሣራማ ክፍል በጸደይ ተመራጭ ነው። ኦሮራ ማጠራቀሚያ ሐይቅ በአንጻሩ የጠራ ነው፤ ካርፑን ማየት ይቻላል፣ ካርፑም እርስዎን ያያል። እዚያ ቀጠን ያለ ክርና የማይታይ ልብስ ያስፈልጋል። ወደ ዴንቨር ከወጡ ሲቲ ፓርክ ያለው ፌሪል ሐይቅ፣ ዋሽንግተን ፓርክ ያለው ስሚዝ ሐይቅና ስሎንስ ሐይቅ መኪና አቁሞ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። የትዕግሥት ሰው ከሆኑ ደግሞ ሳውዝ ፕላት አለ።

ንፍሮው

ደረቅ በቆሎ ይግዙ፤ ለፈንዲሻ የሚሆነው ሳይሆን ለከብትና ለዶሮ የሚሸጠው ትልልቁ ፍሬ ይሻላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ዘፍዝፈው ግማሽ ሰዓት ያህል ያፍሉ። ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት የሚሰጥ፣ ግን የማይፈርስ መሆን አለበት። ሽምብራም እንዲሁ ነው፤ ከተቀቀለ በኋላ ቅርፊቱ እንዳይላቀቅ እሳቱን ቀስ ያድርጉት። ያልተቀቀለ ደረቅ እህል በፍጹም አይጠቀሙ፤ ዓሣው አንጀት ውስጥ ገብቶ ያብጣል።

ካፈሉበት ውኃ ጋር ሁለት ሦስት ቀን በባልዲ ከድነው ቢያቆዩት መፍላት ይጀምርና እንደ ጥንስስ ይሸታል። ለካርፕ ይህ ሽታ መልካም ነው። ለጎረቤት አይደለም፤ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ባልዲውን በረንዳ ላይ ከማስቀመጡ በፊት ያስብበት። የቆርቆሮ ጣፋጭ በቆሎም ይሠራል፣ ዝግጅትም አይጠይቅም፤ ችግሩ ለስላሳ በመሆኑ ሲወረወር ይወልቃል፣ ትንንሽ ዓሦችም ይለቅሙታል።

የአሜሪካ አሮጌ አጥማጆች ሊጥ ይወዳሉ፦ የበቆሎ ዱቄት፣ የስንዴ ዱቄትና የእንጆሪ ጄሎ በፈላ ውኃ ተለውሶ። ሐበሻ ቤት ይህንኑ በሽምብራ ዱቄት መሥራት ይቻላል። ማር ይጨምሩ፤ ጥቂት እንስላል ወይም አብሽ ጣል ያድርጉ። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣም አይከፉም፤ የእንግሊዝ ካርፕ አጥማጆች በርበሬ ነክ ማባበያ ከጀመሩ ቆይተዋል። የሚከለከለው ንጥር ቅቤ ነው። ቅባት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ስለሚረጋ ሽታውን ይዞ ይቀራል፤ በአፕሪልና በኦክቶበር ጣፋጭና ቅመማዊ የሆነውን እንጂ ቅባታማውን አይምረጡ። ሊጡ መንጠቆ ላይ እንዲቆይ እንደ አምባሻ ሊጥ ጠንከር ብሎ፣ በፍሬ ልክ ተድበልብሎ፣ ቢቻል ለአፍታ ፈልቶ ቢወጣ ይመረጣል። በእንቁላል ተለውሶ የሚቀቀለው ድብልብል በእንግሊዝ ከ1960ዎቹና 70ዎቹ ወዲህ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል።

የመሬት ትል በየትኛውም ወቅት ይሠራል፤ በተለይ ከዝናብ በኋላና ውኃው ሲቀዘቅዝ። ጉዳቱ ማን እንደሚበላው አለመታወቁ ነው፤ ካርፕ ሲጠብቁ ትንንሽ ዓሣ ያስቸግርዎታል።

አውሮፓ ውስጥ ምግብ ውኃ ውስጥ እየበተኑ ዓሣ ማሰባሰብ የተለመደ ነው። ኮሎራዶ ላይ አይሞክሩት። የንፍሮው ሥራ መንጠቆው ላይ ብቻ ይሁን።

መንጠቆና ክር

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሰባት ወይም ስምንት ጫማ የሚረዝም መካከለኛ ዘንግ፣ ፍሬኑ በደንብ የሚሠራ ሪል፣ 10 ወይም 12 ፓውንድ የሚችል ክር፣ ቁጥር 6 ወይም 8 የሆነ ወፍራም ሽቦ ያለው መንጠቆ። ገንዘብ ካለዎት ሪሉ ላይ ያውጡት፤ ካርፕ ሲሮጥ የሚፈተነው ፍሬኑ ነው።

ዋናውን ክር ቀዳዳ ባለው እርሳስ ውስጥ ያሳልፉ፤ ግማሽ አውንስ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይበቃል። ከእርሳሱ በታች ዶቃ፣ ከዶቃው በታች ስዊቭል የሚባለውን ተሽከርካሪ ማያያዣ ይሰሩ። ከስዊቭሉ አንድ ስንዝር የሚያህል ክር ወርዶ መንጠቆው ይታሰርበታል። ካርፑ ምግቡን ስቦ ሲሄድ ክሩ በእርሳሱ ውስጥ ስለሚሾልክ ክብደቱ አይሰማውም።

ማባበያውን በቀጥታ መንጠቆ ላይ መሰካት ይቻላል። የተሻለው ግን እንግሊዛውያኑ ሌኒ ሚድልተንና ኬቨን ማዶክስ በ1980 አካባቢ ያስተዋወቁት «ሄየር ሪግ» ነው። መንጠቆውን ሲያስሩ ከቋጠሮው በኋላ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ክር ይተርፋል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ሁለት ፍሬ በቆሎ ወይም አንድ ሽምብራ በመርፌ ይበሱና ክሩ ላይ ያሳልፉ፤ እንዳይወልቅ ቀለበቱ ውስጥ የሣር ስንጥር ይሽጎጡ። መንጠቆው ባዶውን ይቀራል፣ ፍሬው አጠገቡ ይንጠለጠላል። ካርፑ ይመጥጣል፣ ይጠረጥራል፣ ሊተፋ ሲል ባዶው ጫፍ የታችኛውን ከንፈሩን ይይዘዋል።

ሲወረውሩ ዓሣው አናት ላይ አይጣሉ። ከሚሄድበት አቅጣጫ ሁለት ሜትር አስቀድመው አሳርፈው ይጠብቁ። ዘንጉን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ስልክ የሚነካካ ሰው ዘንጉ ሲዋኝ ማየቱ የተለመደ ነው፤ ካርፕ ሲይዝ መጎተቱ በድንገትና በኃይል ነው። የሪሉን ፍሬን ላላ ያድርጉ ወይም ዘንጉን ከእጅዎ አያርቁ። ክሩ ጠጠር ብሎ መሮጥ ሲጀምር በኃይል አይንጠቁት፤ ዘንጉን ብቻ ያንሡ። የመጀመሪያው ሩጫ ረጅም ነው፤ ይሂድ። አፉ ለስላሳ ስለሆነ የሚጎትት ሰው ይቀደዋል። ዳር ሲደርስ ሰው ያይና እንደገና ይሮጣል፤ ብዙ ዓሣ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። መረቡን ውኃ ውስጥ አስቀድመው አስገብተው ዓሣውን ወደ መረቡ ያምጡት እንጂ መረቡን ይዘው አያባርሩት። ከተያዘ በኋላ በደረቅ እጅ አይንኩት፣ ጠጠር ላይም አያስተኙት፤ ገላውን የሸፈነው ልጋግ ከበሽታ የሚጠብቀው ነው።

ከጁን ጥጥ እስከ ጃንዋሪ ወንዝ

ሰው ሠራሽ ዝንብ መሞከር ለሚወድ ጁን ልዩ ወር ነው። የኮተንዉድ ዛፎች ነጭ ዘራቸውን ሲያራግፉ ውኃው ላይ በጥጥ መልክ ይንሳፈፋል፤ ካርፖችም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት እያደረጉ ይለቅሙታል። ያን የሚመስል ነጭ ዝንብ በመንገዳቸው ላይ ማሳረፍ ነው። በቀረው ጊዜ ወለል ላይ የሚሳቡ ነፍሳትን፣ አልቅትንና ክሬይፊሽ የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የውኃ እንስሳ የሚመስሉ ከባድ ዝንቦች ይሠራሉ። የኮሎራዶው ባሪ ሬይኖልድስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1997 «ካርፕ ኦን ዘ ፍላይ» የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትም ብዙዎች ቀልድ መስሏቸው ነበር።

የተያዘውን ዓሣ ከአንድ ሐይቅ ወስዶ ሌላ ውኃ ውስጥ መልቀቅ ወንጀል ነው። ቤት ውስጥ ያደገ ወርቃማ ዓሣንም ይጨምራል፤ እርሱ የካርፕ ዘመድ ነው። በ2015 ቦልደር አጠገብ ቴለር ሐይቅ የተባለው ኩሬ ውስጥ ሰው ከለቀቃቸው ጥቂት ወርቃማ ዓሦች ሺዎች ተራብተው ተገኝተዋል።

መብላትን በተመለከተ፣ ካርፕ ሥጋው መልካም ነው፤ የሚያስቸግረው ከሥጋው መሐል የተሰገሰገው ባለ ሹካ አጥንት ነው። ቆዳው ላይ በተሳለ ቢላ ጥቅጥቅ አድርጎ እየሸነተሩ በጋለ ዘይት መጥበስ ቀጭኑን አጥንት ያቀልጠዋል። ጉላሽ ለሚያምረው ግን ከትልቁ ይልቅ መካከለኛው ይሻላል። በመሐል ከተማ ከሚፈስ ወንዝና ጎርፍ ከሚሰበስቡ የመናፈሻ ኩሬዎች የወጣውን ወደ ድስት ባያስገቡ ይመረጣል፤ ለሌሎቹ ሐይቆች የኮሎራዶ ጤና መሥሪያ ቤት ስለ ሜርኩሪ የሚያወጣውን ማሳሰቢያ ይመልከቱ።

ክረምቱ ሲገባ ሐይቆቹ በረዶ ይለብሳሉ፣ ንፍሮውም ሥራ ያጣል። ማቆም የማይሆንለት ሰው ከዴንቨር በስተ ሰሜን ይሂድ። ከትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወጣው የተጣራ ውኃ በሳውዝ ፕላት ከሚፈሰው አብዛኛውን ይይዛል፤ ሞቅ ያለ ስለሆነም ከጣቢያው በታች ያለው ወንዝ በጃንዋሪም አይረጋም። እዚያ ያሉ ካርፖች በብርዱም ይንቀሳቀሳሉ። ትል ወይም ትንሽ ጥቁር ዝንብ፣ ቀጭን ክር፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ፀሐያማ ጊዜ፣ ውኃው ቀስ የሚልበት ጥግ፤ ወፍራም ካልሲም እንዳይረሳ።